የሌላ መሐንዲስ የስትራክቸር ዲዛይን ስትገመግሙ ስንት ትጠይቃላችሁ?

"ኢንጂነር፣ ዲዛይኑ እኮ አልቋል። አንተ አየት አድርገህ 'ደህና ነው' ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅብህ።" ስትራክቸር የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ንግግር ሰምቶታል። ወዲያው "ስንት ነው?" ይከተላል። ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ በግምት አንድ ቁጥር እንጠራለን። ደንበኛው ይከራከራል፣ እኛም እንቀንሳለን። ሥራው ሲጀመር ግን ሰዓቱ አይበቃም። ሰዓት ያልበቃው ግምገማ ደግሞ አደገኛ ነው። ማንም በደንብ ያላየው ዲዛይን "ታይቷል" የሚል ወረቀት ይዞ ወደ ግንባታ ይገባል።

እኔ የምከተለውን አካሄድ በዝርዝር ላስቀምጥ። መነሻዬ አንድ ነው። የግምገማ ዋጋ ከዲዛይነሩ ክፍያ ላይ ተቆርሶ አይወጣም። የሚወጣው ከምትፈትሹት ነገር ስፋት፣ ከሚፈጀው ሰዓትና ከምትሸከሙት ኃላፊነት ነው። ዲዛይኑ በርካሽ ተሠርቶ ከሆነ እንዲያውም የእናንተ ሥራ ይበዛል። ምሳሌዎቹ አዲስ አበባ ላይ ለሚሠራ መሐንዲስ የሚሆኑ ናቸው። የብር ቁጥሮቹን ያስገባሁት ስሌቱን ለማሳየት ብቻ ስለሆነ በራሳችሁ ቁጥር ተኩዋቸው።

1. ማን ጠየቃችሁ? ለምን?

"ሪቪው አድርግልኝ" ሁሉ አንድ አይደለም። ባለቤቱ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ሁለተኛ ዓይን ፈልጎ ሊሆን ይችላል። ባንክ ጠይቆት ሊሆን ይችላል። ኮንትራክተሩ "ፌሮው በዝቷል" ብሎ እንዲቀነስለት የፈለገ ሊሆን ይችላል። ጂ+2 ቤቱ ላይ ሁለት ፎቅ ለመጨመር ያሰበ ሰው አለ። ቢም ላይ ስንጥቅ ታይቶ ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት እያመራ ያለም አለ።

የእነዚህ ዋጋ በፍጹም አንድ ሊሆን አይችልም። ወደ ክርክር ለሚሄድ ጉዳይ የምትጽፉትን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ጠበቃ ያነበዋል። ስለዚህ የሪፖርቱ ሰዓት ብቻውን እጥፍ ይሆናል። ፎቅ ለሚጨመርበት ቤት ደግሞ ወረቀት ማየት አይበቃም። በወረቀቱ ላይ ያለው ኮለን በቦታው ላይ ያለው መሆኑን መለካት፣ የአርማታውን ጥንካሬ ማስመርመር፣ ፉቲንጉን ቆፍሮ ማየት ይመጣል። ይህ የነባር ሕንፃ ምርመራ ነው። በ"ዲዛይን ሪቪው" ዋጋ ከተቀበላችሁት ከኪሳችሁ ትሠሩታላችሁ።

"ፌሮ ቀንስልኝ" የሚለውን ጥያቄ ለይታችሁ ያዙት። ክፍያችሁ በሚቀንሰው ብረት መጠን እንዲታሰብ የሚጠይቁ ይኖራሉ። አትቀበሉ። ብዙ በቀነሳችሁ ቁጥር ብዙ የምታገኙ ከሆነ ፈታሽ መሆናችሁ ያበቃል።

ሌላው የዋናው ዲዛይነር ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የፕሮፌሽናል መሐንዲሶች ብሔራዊ ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ በግል የሚሠራ መሐንዲስ የሌላውን መሐንዲስ ሥራ ለዚያው ደንበኛ ሲገመግም ያኛው ማወቅ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ከሥራው ጋር ያለው ግንኙነት ተቋርጦ ከሆነ ብቻ ነው የሚቀረው። እኛ ዘንድም ቢሆን ይህ ጨዋነት ነው። ከገንዘብ አንጻርም ያዋጣል። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ስልክ አንሱ። "ወንድሜ፣ ሥራህን እንድመለከተው ባለቤቱ ጠይቀውኛል። ስህተት ለቀማ አይደለም የመጣሁት። ጥያቄ ሲኖረኝ በቀጥታ ላንተ ልጻፍልህ?" በሉት። ዲዛይነሩ የኢታብስ (የሕንፃ ስሌት ሶፍትዌር) ሞዴል ፋይሉን ከላከላችሁ ብዙ ሰዓት ትቆጥባላችሁ። ካኮረፈ ግን ሁሉንም ከፒዲኤፍ ላይ እያነበባችሁ መገንባት ነው። ዋጋ ከመጥራታችሁ በፊት የትኛው እንደሚሆን ማወቅ አለባችሁ።

2. ምን ያህል ጠልቃችሁ እንደምታዩ ወስኑ

አሁን የምንጠቀምባቸው የኢትዮጵያ ስታንዳርዶች የተቀዱት ከዩሮኮድ ነው። ዩሮኮድ ኢኤን 1990 በአባሪ ለ ላይ ሦስት የዲዛይን ቁጥጥር ደረጃዎችን ያስቀምጣል። በመጀመሪያው ዲዛይነሩ ራሱ ሥራውን ይፈትሻል። በሁለተኛው በዚያው ድርጅት አሠራር መሠረት ሌላ ሰው ይፈትሻል። በሦስተኛው ከዲዛይን ድርጅቱ ውጭ የሆነ ሌላ ድርጅት ይፈትሻል። ሦስተኛው የተያያዘው ቢወድቁ ብዙ ሰው ከሚጎዱ ሕንፃዎች ጋር ነው፤ ለምሳሌ ከአዳራሽና ከስታዲየም መቀመጫ ጋር። ደንበኛው "ዲዛይነሩ እኮ ቼክ አድርጎታል" ሲላችሁ ልዩነቱን ለማስረዳት ይህ ይረዳችኋል።

በዋጋ ማቅረቢያዬ ላይ ሥራውን በሦስት ጥልቀት ከፍዬ አቀርባለሁ። ቀላሉ ወረቀቱ መሟላቱን፣ ጭነቱና የኮድ ግብዓቱ ትክክል መሆኑን፣ ትልልቆቹ ቁጥሮች ከልምድ ጋር መስማማታቸውን ያያል። መካከለኛው በዚህ ላይ አደገኛ የሆኑትን አካላት መርጦ በእጅ ያሰላል። ብዙ የሚሸከሙ ኮለኖች፣ ሺር ዎል (የጎን ኃይል የሚሸከም የአርማታ ግድግዳ)፣ ፑንቺንግ ያለበት (ኮለኑ ሊበሳው የሚችል) ስላብ፣ ፋውንዴሽን እዚህ ይገባሉ። ሙሉው የዲዛይነሩን ሞዴል ሳይጠቀም የራሱን ሞዴል ከባዶ ይሠራል፤ ከዚያ ውጤቶቹን ያነጻጽራል።

ከሁሉም በላይ ግን እያንዳንዱ ጥልቀት ምን እንደማይዝ በጽሑፍ ንገሩ። ቀላሉ ግምገማ የአንድ ቢም ፌሮ መጉደሉን አይነግራችሁም። ይህን ደንበኛው ካልተረዳ የቀላሉን ዋጋ ከፍሎ የሙሉውን ዋስትና እንዳገኘ ያስባል።

3. ዋጋ ከመጥራታችሁ በፊት ሰነዱን ተቀበሉ

በስልክ ዋጋ አትናገሩ። "ጂ+7 ነው፣ ስንት ትላለህ?" ላለ ሰው መልሱ "ሰነዱን ይላኩልኝ፣ አይቼ እነግርዎታለሁ" ነው። የምትጠይቁት የአርክቴክቸር ፕላን፣ የስትራክቸር ድሮዊንግ፣ የስሌት ሪፖርት፣ የአፈር ምርመራ ሪፖርትና የሞዴል ፋይሉን ነው። በሁሉም ላይ ቀንና የማሻሻያ ቁጥር ይኑር። የመጋቢት አርክቴክቸር ከጥር ስትራክቸር ጋር ተቀላቅሎ ሲላክ ማየት የተለመደ ነው።

ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ስጡትና የዲዛይኑን ጤንነት ለኩ። ይህች ሰዓት የዋጋችሁን ግማሽ ታሪክ ትነግራችኋለች። ከምጀምርባቸው ነገሮች አንዱን በቅርበት ላሳይ።

ሕንፃው ጂ+7 ከአንድ ቤዝመንት ጋር ነው እንበል። ዘጠኝ ወለል፣ እያንዳንዱ 450 ካሬ ሜትር፣ በድምሩ 4,050 ካሬ። መደበኛ የኮንክሪት ሕንፃ፣ ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ፣ በካሬ ሜትር ወለል በግምት ከ10 እስከ 14 ኪሎ ኒውተን ይመዝናል። መካከሉን 12 ብንይዝ 48,600 ኪሎ ኒውተን ይመጣል። አሁን የስሌት ሪፖርቱን ገልጣችሁ የመሠረት ሪአክሽን ድምሩን፣ ማለትም ሕንፃው በጠቅላላ መሠረቱ ላይ የሚያሳርፈውን ክብደት ፈልጉ። 46,000 ወይም 51,000 ካለ ደህና ነው፣ ወደ ሌላው እለፉ። 31,000 ካለ ግን አንድ ትልቅ ነገር ሳይገባ ቀርቷል።

ያልገባው ብዙ ጊዜ የብሎኬት ግድግዳው ነው። ባለ 20 ሴንቲ ብሎኬት በሁለቱም በኩል ተለስኖ 2.6 ሜትር ሲቆም በአንድ ሜትር ርዝመት ወደ 9 ወይም 10 ኪሎ ኒውተን ይጭናል። በእያንዳንዱ ወለል 200 ሜትር ግድግዳ ቢኖር የጠፋው ክብደት ከሞላ ጎደል ይገኛል። ይህ ደቂቃዎች ብቻ የሚወስድ ሥራ ነው። ዋጋችሁ ላይ ያለው ትርጉም ግን ትልቅ ነው። ጭነቱ የጎደለ ሞዴል ላይ የተሠራው ኮለን፣ ፉቲንግ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ኃይል ሁሉ ጎድሏል ማለት ነው። ስለዚህ የምትቀበሉት ሥራ በቀላል ግምገማ አያልቅም። ቢያንስ ሁለት ዙር ይመላለሳል።

ቀጥላችሁ ኮዱን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው ኢቢሲኤስ 8 (የቀድሞው የኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ኮድ) አዲስ አበባ የተያዘችው በ0.05 የአለት ፍጥንጥነት ሬሾ ነበር፤ ይህ ለዲዛይን የሚያዘው የመንቀጥቀጥ ጥንካሬ መለኪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ተተኪው ኢኤስ ኢኤን 1998 ይህ 0.1 ሆኗል። ከመደርደሪያ ላይ ወርዶ "እንደገና ይሠራ" የተባለ የድሮ ዲዛይን ከመጣላችሁ የመሬት መንቀጥቀጥ ክፍሉን መገምገም ብቻ አይበቃም። እንደ አዲስ መታሰብ አለበት። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተከታተለው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ከተሰማ ወዲህ ባለቤቶችም ይህን ክፍል ለይተው ይጠይቃሉ። ስለዚህ ለብቻው ሰዓት መድቡለት።

የአፈር ሪፖርቱ ላይ ደግሞ የጉድጓዱን ጥልቀት ከፋውንዴሽኑ ጥልቀት ጋር አስተያዩ። ቤዝመንት ተጨምሮ ሪፖርቱ ግን ከቤዝመንቱ በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል። መረሬ (ውኃ ሲነካው የሚያብጥ ጥቁር) አፈር ባለበት ሠፈር ይህ ቀልድ አይደለም።

ይህችን የመጀመሪያ ሰዓት በነጻ መስጠት ይቻላል። ሰነዱ የተዝረከረከ ከሆነና ሰዓቱ ከበዛ ግን "የቅድመ ምልከታ" ብላችሁ ትንሽ ክፍያ ጠይቁ። ሥራውን ከወሰዳችሁ ከዋናው ዋጋ ትቀንሱታላችሁ።

4. ሰዓቱን በወረቀት ላይ ቁጠሩ

አሁን ሥራውን በየክፍሉ ዘርዝሩና ከእያንዳንዱ ፊት ሰዓት ጻፉ። ከላይ ላየነው ጂ+7፣ ሙሉ ግምገማ ከሆነ፣ የእኔ ዝርዝር ይህን ይመስላል።

ሰነድ ማንበብ፣ አርክቴክቸሩንና የአፈር ሪፖርቱን ማዛመድ፦ 6 ሰዓት
የጭነትና የዲዛይን መነሻ ግብዓት ፍተሻ፦ 4 ሰዓት
የራስ ሞዴል መሥራት፦ 18 ሰዓት
የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የጎን መወዛወዝና የቅርጽ መዛባት፦ 8 ሰዓት
ፋውንዴሽንና የቤዝመንት ግድግዳ፦ 9 ሰዓት
የተመረጡ ኮለን፣ ሺር ዎል፣ ቢም፣ ስላብና ደረጃ በእጅ ስሌት፦ 14 ሰዓት
ድሮዊንጉ ከስሌቱ ጋር መስማማቱና የፌሮ ዝርዝር፦ 12 ሰዓት
ሪፖርት መጻፍ፦ 8 ሰዓት
ከዲዛይነሩ ጋር ውይይትና የተስተካከለውን እንደገና ማየት፦ 9 ሰዓት

ድምሩ 88 ሰዓት ነው።

በዝርዝሩ ላይ ሰዎች አሳንሰው የሚጽፏቸው ሁለት መስመሮች አሉ። አንዱ ድሮዊንጉን ከስሌቱ ጋር ማስተያየት ነው። ስሌቱ "በ10 ሴንቲ ልዩነት ባለ 8 ስታፋ" (የኮለኑን ቋሚ ብረቶች የሚያቅፍ ቀለበት ብረት) ይላል፣ ድሮዊንጉ በ20 ሴንቲ ያሳያል። ፎርማኑ የሚሠራው በድሮዊንጉ ነው። ስለዚህ ስሌቱ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ኮለኑ የሚቆመው በ20 ሴንቲ ነው። ይህን የስሌት ሶፍትዌሩ አያገኘውም። ገጽ በገጽ፣ አካል በአካል፣ በዓይን ነው የሚታየው። የፌሮ መደራረቢያ ርዝመቱ፣ የቢምና የኮለን መገናኛው፣ የደረጃው መያዣ ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው።

ሁለተኛው የመጨረሻው መስመር ነው። አስተያየታችሁን ሰጥታችሁ አትገላገሉም። ዲዛይነሩ ይመልሳል፣ ትከራከራላችሁ፣ አስተካክሎ ይልካል፣ እንደገና ታያላችሁ። ይህን ያልቆጠረ ሰው ትርፉ እዚህ ጋ ነው የሚያልቀው።

5. የአንድ ሰዓት ዋጋችሁን እወቁ

በዓመት 52 ሳምንት አለ። በሳምንት 40 ሰዓት ብንሠራ 2,080 ሰዓት ይሆናል። በዓላት፣ ዕረፍትና ሕመም ወደ ስድስት ሳምንት ቢወስዱ 1,840 ይቀራል። ከዚህም ሁሉ ሰዓት የሚከፈልበት አይደለም። ደንበኛ ማናገር፣ ሰነድ ማሳደድ፣ የግብር ጉዳይ፣ ኮድ ማንበብ አለ። 60 በመቶው ቢከፈልበት ወደ 1,100 ሰዓት ነው።

አሁን ወጪውን እናስላ። የራሳችሁ ደመወዝ በወር 80,000 ብር ቢሆን በዓመት 960,000 ነው። የቢሮ ኪራይ፣ ኢንተርኔት፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ሶፍትዌር፣ ኮምፒውተርና የሙያ ኢንሹራንስ በወር 40,000 ቢሆን 480,000 ይመጣል። ድምሩ 1,440,000። ይህን ለ1,100 ስናካፍል በሰዓት ወደ 1,310 ብር ነው። ለትርፍና ለክፉ ቀን 20 በመቶ ጨምሩበት። ወደ 1,570 ይሆናል፣ 1,600 እንበለው።

ደመወዙን በወር ሥራ ሰዓት ብቻ የሚያካፍል ሰው 80,000ን ለ173 አካፍሎ በሰዓት 460 ብር ያገኛል። በዚህ ሒሳብ ሥራ የሚወስድ መሐንዲስ ሥራ በበዛለት ቁጥር እየከሰረ ነው የሚሄደው። ሶፍትዌሩ በዶላር የሚከፈል ስለሆነም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ አሠራሩ ከተቀየረ በኋላ ያልከለሳችሁት የሰዓት ዋጋ ካለ ዛሬውኑ ከልሱት።

ጀማሪ መሐንዲስ አብሯችሁ የሚሠራ ከሆነ የእሱን ሰዓት ለብቻ አስሉ። ሞዴል መገንባትና ድሮዊንግ ማስተያየት ለእሱ ይሆናል። ፍርድ የሚጠይቀውን ግን ፈራሚው ራሱ ይየው።

6. ያላወቃችሁትንና የምትሸከሙትን ጨምሩ

88 ሰዓት በ1,600 ሲባዛ 140,800 ብር ነው። ይህ ሁሉ ነገር በሰላም ከሄደ ነው። በቅድመ ምልከታችሁ ያገኛችሁት ምልክት እዚህ ይመነዘራል። ሰነዱ ንጹሕ፣ ዲዛይነሩ ተባባሪ ከሆነ 10 በመቶ ይበቃል። የመሠረት ሪአክሽኑ ጎዶሎ፣ የሞዴል ፋይሉ የተከለከለ፣ ከላይ ያለው ኮለን እስከ መሠረት ሳይወርድ በትራንስፈር ቢም (ኮለን በሚሸከም ቢም) ላይ የተቀመጠ ከሆነ 30 ወይም 40 በመቶም ላይበዛ ይችላል። ለምሳሌያችን 15 በመቶ እንያዝ። ወደ 101 ሰዓት ይሆናል፣ ዋጋውም 161,600 ብር። ቫት 15 በመቶ ሲጨመር 185,840 ይሆናል። በካሬ ሜትር ካሰባችሁት ከቫት በፊት 40 ብር አካባቢ ነው። የካሬውን ዋጋ ለማመሳከሪያ ያዙት እንጂ መነሻ አታድርጉት። ባለ 300 ካሬ ቪላና ባለ 4,000 ካሬ ሕንፃ ሪፖርት ለመጻፍ የሚወስዱት ሰዓት በካሬያቸው ልክ አይራራቅምና።

ጥድፊያም ዋጋ አለው። "ለሰኞ" የተባለ ሥራ ሌላ ደንበኛ ያስቀምጣል፣ ሌሊት ያሠራል። ሩብ ያህል መጨመር ተገቢ ነው። ሥራው በዚያ ጊዜ በደህና የማያልቅ ከሆነ ግን በየትኛውም ዋጋ አትያዙት።

ኃላፊነቱንም አስቡ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1845 መሠረት ከውል የሚመነጭ ጥያቄ በመደበኛው 10 ዓመት ይርጋ ነው። ዛሬ በጥቂት ሳምንት ሠርታችሁ የምትረሱት ሪፖርት ለዓመታት ስማችሁን ይዞ ይኖራል። የኢንሹራንስ ዋጋ በሰዓት ስሌታችሁ ውስጥ ካልገባ እዚህ አስገቡት።

ለምን ከዲዛይኑ ክፍያ በመቶኛ አይሆንም?

ይህን ደረጃ ብዬ አልቆጥረውም፣ ግን ጥያቄው ሁልጊዜ ይመጣል። "ዲዛይኑን በ200,000 አሠራሁ፣ ለሪቪው 10 በመቶ እከፍልሃለሁ" ይሉናል። በዚህ ስሌት 20,000 ብር ነው። በ1,600 ሲካፈል ከ13 ሰዓት አይበልጥም። በ13 ሰዓት ውስጥ ደግሞ የዘጠኝ ወለል ሕንፃ ድሮዊንግ አንብቦ መጨረስ ራሱ ይከብዳል። ያውም ዲዛይኑን በርካሽ ያሠራ ሰው ያነሰ የተለፋበት ዲዛይን ይዞ ነው የሚመጣው። ይበልጥ መታየት ያለበት ሥራ ያነሰ ሰዓት ያገኛል ማለት ነው።

ጀርመኖች ይህን በደንብ ዘግተውታል። እዚያ የስታቲክስ (የስትራክቸር ስሌት) ፈታሽ መሐንዲሶች ክፍያ በመንግሥት ደንብ የተተመነ ነው። የሚሰላውም ከሕንፃው ዋጋና ከውስብስብነት ምድቡ ነው። ዲዛይነሩ ስንት ተከፈለው የሚለው ከስሌቱ ውጭ ነው። በዋጋ መፎካከርም የለም።

ዋጋ ሲቆረጥ ምን እንደሚሆን የማያሚው የእግረኛ ድልድይ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2018 በፍሎሪዳ ኢንተርናሽናል ዩኒቨርሲቲ አጠገብ በግንባታ ላይ የነበረ የኮንክሪት ድልድይ መኪና በሚበዛበት መንገድ ላይ ተደርምሶ 6 ሰዎች ሞቱ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ምርመራ ዋናውን ምክንያት የዲዛይን ስሌት ስህተት ነው አለ። ስህተቱን ያላየው ገለልተኛ ግምገማም ለአደጋው አስተዋጽኦ እንዳደረገ መዝግቧል። ገምጋሚው ድርጅት መጀመሪያ ያቀረበው 110,000 ዶላርና 10 ሳምንት ነበር። ከድርድር በኋላ 61,000 ዶላርና 7 ሳምንት ሆነ። ድልድዩ የተሰበረበት መገጣጠሚያ በግንባታው ወቅት የሚገጥመው ጭነት በግምገማው ውስጥ አልታየም። የወደቀው ደግሞ ገና በግንባታ ላይ ሳለ ነው።

ድርድር ኃጢአት አይደለም። ችግሩ ዋጋው ሲቀንስ ከሥራው ውስጥ ምን እንደወጣ ሁሉም ወገን አለማወቁ ነው።

7. የዋጋ ማቅረቢያውን ጻፉ

ሁለት ገጽ ይበቃል። የምትገመግሙት ሰነድ ከነቀኑና ከነማሻሻያ ቁጥሩ ይዘርዘር። የምታዩት ጥልቀትና የማታዩት ነገር ይጻፍ። የአፈር ምርመራው ውጤት ትክክለኛነት፣ የግንባታው ጥራት፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ሥራ በእናንተ ግምገማ ውስጥ እንደሌለ ግልጽ ይሁን። የዲዛይኑ ኃላፊነት በዲዛይነሩ ላይ እንዳለ ይቀጥላል። በእሱ ድሮዊንግ ላይ የእናንተን ማኅተም አታሳርፉ። የእናንተ ማኅተም በእናንተ ሪፖርት ላይ ነው።

ዋጋው አንድ ሪፖርትና አንድ ዙር ድጋሚ ፍተሻ ይይዛል በሉ። ከዚያ በላይ ያለው በሰዓት ይታሰባል። አርክቴክቸሩ መሃል ላይ ከተቀየረ ሥራው እንደ አዲስ ይተመናል። ቫት ለብቻ ይጻፍ። ደንበኛው ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያው ላይ ቀድሞ የሚያዝ ግብር) የሚቆርጥ ከሆነም ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። ማቅረቢያው ለ30 ቀን ብቻ የጸና ይሁን።

አከፋፈሉ ላይ ጠንከር በሉ። ግማሹ ቅድሚያ፣ ቀሪው ሪፖርቱ ሲደርስ። "የግንባታ ፈቃዱ ሲወጣ እከፍልሃለሁ" የሚለውን ፈጽሞ አትቀበሉ። ክፍያችሁ በ"ደህና ነው" ላይ ከተንጠለጠለ ገለልተኛ አይደላችሁም። ፈቃድ ሰጪው ቢሮ የሚወስነውን እናንተ አትወስኑም፤ የምትሸጡት ምርመራችሁን ነው።

አንድ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከገንዘቡ በላይ ናት፣ አትርሷት። "በሰው ሕይወት ላይ አደጋ የሚያመጣ ጉድለት ካገኘሁ ክፍያ ሳልጠብቅ ለባለቤቱና ለዲዛይነሩ በጽሑፍ አሳውቃለሁ፤ እርምጃ ካልተወሰደ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል አሳውቃለሁ።" ይህን ሰምቶ የሚሸሽ ደንበኛ ካለ ይሽሽ።

አሜሪካ ወይም ዱባይ ሆነው አዲስ አበባ ቤት የሚያሠሩ ወገኖቻችን ዲዛይን በቴሌግራም ልከው "እስቲ እየው" ይላሉ። ለእነሱም ያው ማቅረቢያ ይላክ። አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ። ሳይቱን እንዳላያችሁና ግምገማው በተላከው ፋይል ላይ ብቻ እንደሆነ ጻፉ። እነሱ ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት የቁጥጥር ሥራንም ጭምር ነው፤ ያ ሌላ ውል ነው።

8. ሲከራከሯችሁ

"ልጄ፣ ወረቀት ለማየት ይህን ያህል?" ይላሉ ባለቤቱ። ቅር አይበላችሁ። ያዩት ሰው ሁሉ ወረቀት ሲገልጥ ነው። ዝርዝሩን አሳዩዋቸው። "ጋሼ፣ ይህ 18 ሰዓት ሕንፃዎን በኮምፒውተር እንደገና የምሠራበት ነው። ይህ 12 ሰዓት እያንዳንዷን ብረት ከስሌቱ ጋር የማስተያይበት ነው። ዋጋውን ዝቅ ማድረግ እችላለሁ። ዝቅ ሲል ግን የማየው ነገርም ይቀንሳል። የቱ ይቅርብዎት?"

ሰዎች ዝርዝር ሲያዩ የሚከራከሩት በዋጋው ላይ መሆኑ ይቀርና በሥራው ላይ ይሆናል። አንዳንዱ ወደ መካከለኛው ጥልቀት ይወርዳል፣ ጥሩ ነው። ለጂ+1 ቪላ ሙሉ ሞዴል ላያስፈልግ ይችላል። እንዲያውም እኔ ራሴ ቀላሉን የምመክርበት ጊዜ አለ። የሰዓት ዋጋችሁን ግን አትንኩ። ሰዓቱ ሳይቀነስ ዋጋው ብቻ ከተቀነሰ የምትቀንሱት ሰዓቱን ነው፣ ያውም ማንም ሳያውቅ።

ዲዛይነሩ ጓደኛችሁ ወይም የቀድሞ አለቃችሁ ከሆነ ይህን ለባለቤቱ አስቀድማችሁ ንገሩ። ባለቤቱ "ታዲያ አንተው ዲዛይኑን ሥራልኝ" ካሏችሁም ግምገማውን ጨርሳችሁ፣ ሪፖርቱን አስረክባችሁ፣ ከዚያ በሌላ ውል ተነጋገሩ። በዚያን ጊዜም የእናንተን ዲዛይን የሚያይ ሌላ ሰው ይኑር።

9. ሰዓታችሁን መዝግቡ

በኤክሴል አንድ ገጽ ክፈቱ። በደረጃ አራት ላይ የጻፋችሁትን ዘጠኝ መስመር በአንድ ዓምድ፣ በትክክል የፈጀባችሁን ሰዓት በሌላ ዓምድ አድርጉ። በየቀኑ ማታ ሙሉት። ሥራው ሲያልቅ የወለሉን ስፋት፣ የፎቁን ብዛት፣ የሞዴል ፋይል ማግኘት አለማግኘታችሁንና ስንት ዙር እንደተመላለሳችሁ ከግርጌ ጻፉ። ጥቂት ሥራዎች ከተመዘገቡ በኋላ የቱ መስመር ሁልጊዜ እንደሚያልፍባችሁ ይታያችኋል። በእኔ መዝገብ ላይ የሚያልፈው የፌሮ ዝርዝሩ ፍተሻ ነው። ስለዚህ ለሚቀጥለው ጂ+7 12 ሳይሆን 15 ሰዓት እጽፍለታለሁ።